የሙሀመድኑር ባዶ ጎላ

የምሥራች ብዬ ልጀምር፤ እናንተም እንደ ወጉ «ምሥር ብላ» በሉኝና ስሙኝ። አልሄደም። ሊወስደው የመጣው መኪና ገመዱን ጠቅልሎ፣ አቧራውን አስነስቶ፣ ባዶውን ተመልሷል። እሱ ግን እዚሁ ከሚሴ፣ እዚያው ክፍሉ ውስጥ፣ እዚያው ጠረጴዛው ላይ ጉብ ብሎ ተቀምጧል።

ሰው የምሥራች ሲሰማ መጀመሪያ የሚጠይቀው «የማን?» ብሎ ነው። የመምህር ሙሀመድኑር ነው። ያልሄደው ደግሞ ሰው አይደለም፣ ከብትም አይደለም፤ ትልቅ የብረት ዕቃ ነው፤ ከተማው «የሙሀመድኑር ጎላ» ይለዋል። በእርግጥም ለሠርግ ወጥ የሚሠራበትን ጎላ ድስት ይመስላል። ልዩነቱ የድግሱ ጎላ እንዲሞላ ሲጸለይለት፣ የሙሀመድኑሩ ባዶ እንዲሆን መጸለዩ ነው።

ሙሀመድኑር የጨፋ ልጅ ነው። አባቱ ማሽላ የሚዘሩ፣ ጥቂት ከብት የነበራቸው ሰው ናቸው። ልጃቸው ገና በጥርሱ መስበር ሲችል ማሽላ እየፈለቀቀ ውስጡን ያያል፤ ግማሹን ደግሞ ለሁለት ይከፍላል፤ ያንን ደግሞ ለሁለት። አባቱ ቆመው ያዩትና «ሙሀመድኑር፣ ውስጡን አይተህ ስትጨርስ የሚበላ ይተርፈናል ወይ?» ይሉታል። አልጨረሰም። ትምህርት ቤት ገብቶ ያቺ ፍሬ ተከፋፍላ ተከፋፍላ መጨረሻዋ አቶም እንደሆነ ሲነግሩት፣ «አቶሙስ ውስጡ ምን አለ?» አለ። እንዲህ እያለ የከሚሴ ኮሌጅ የፊዚክስ መምህር ሆነ።

መምህር ሆኖም በየዓመቱ ያንኑ ሥዕል ጥቁር ሰሌዳ ላይ ይስላል፤ እንደ ሽንኩርት ልጣጭ የሳሳ የወርቅ ቅጠል፣ በእሱ ላይ የሚተኮሱ ከዓይን የተሰወሩ ጥቃቅን ቅንጣቶች። «ብዙዎቹ» ይላል፣ «ወርቁን ምንም እንዳልነበረ ሰንጥቀው ያልፋሉ። አልፎ አልፎ ግን አንዷ ከጠንካራ ነገር ጋር ትጋጭና ወደ ኋላ ትነጥራለች። የአቶም ልብ የታወቀው በዚያች በነጠረችው ነው።» ከዚያ ከኋላ አንዱ እጁን ያወጣና «መምህር፣ እርስዎ አይተውታል?» ይለዋል። ሙሀመድኑር ዋሽቶ አያውቅም፣ ለመማርም ዕድሜው አልፏል። «አላየሁም» ይላል። በየዓመቱ ይጠየቃል፣ በየዓመቱ «አላየሁም» ይላል፤ የዚያን ቀን ራቱን በደንብ አይበላም።

ጎላው የመጣው እንግዲህ ለዚህ ሰው ነው። ከዚሁ አካባቢ ወጥቶ ባሕር ማዶ ቤተ ሙከራ ውስጥ የሚሠራ ሰው፣ መሥሪያ ቤቱ አዲስ ሲገዛ አሮጌው ለቁራጭ ብረት ከሚሸጥ ለሀገሬ ኮሌጅ ይሁን ብሎ ላከው። ሰንበቴ ከተማ ላይ ሾፌሩ ገበያ ደርሶበት ፍየል ጨምሮ ስለጫነ፣ ለአቶም ምርምር የተሠራው ዕቃ ከሚሴ የገባው ዙሪያውን በፍየል ታጅቦ ነው።

ዕቃው እንዲህ ነው። ወፍራም ክዳን አለው፤ ክዳኑ በላስቲክ ቀለበት ላይ ተቀምጦ በብሎን ይታሰራል። ጎኑ ላይ እንደ መርከብ መስኮት ክብ መስታወት አለ። ውስጡ የሚሽከረከር የብረት ሰሌዳ፣ ሰሌዳው ላይ የወርቁ ቅጠል የሚቆምበት ፍሬም፣ ዙሪያውን እየዞረ የነጠሩትን የሚቆጥር ክንድ። ግን አየር ካለበት ከንቱ ነው፤ ቅንጣቶቹ አየር ውስጥ ጥቂት ጣት እንኳ ሳይሄዱ ይደክማሉ። ስለዚህ በፓምፕ አየሩን መጥጦ ማውጣት፣ ቫኪዩም ማድረግ፣ ከዚያም ባዶውን ጠብቆ ማቆየት የግድ ነው። ቅንጣቶቹን የምትተፋው ለማስተማሪያ የተፈቀደች ደካማ ምንጭ በብረት ሳጥን ተቆልፋ ተቀምጣለች፤ ባዶው ካልያዘ አትወጣም።

አልያዘም። ሁለት ዓመት። ፓምፑ ያጓራል፤ የግፊት መለኪያው፣ የጌጁ መርፌ ይወርዳል፣ ይወርዳል፣ አንድ ቦታ ሲደርስ እንደ ሰነፍ በቅሎ ቀጥ ይላል። ሙሀመድኑር ሌባው ከውጭ ነው ብሎ አመነ፤ በሆነ ቀዳዳ አየር እየገባ ነው። በየመገጣጠሚያው አልኮል እየረጨ መርፌው ሲደነግጥ ለማየት አፈጠጠ፤ መርፌው አልደነገጠም። የላስቲክ ቀለበቱን ለወጠ። አሮጌውን መልሶ አደረገ። መስታወቱን ፈቶ አሰረ። ውስጡንማ አልተጠራጠረም፤ ውስጡን በየጊዜው የምታጸዳው የኮሌጁ ጽዳት ሠራተኛ ረቢአ ነቻ፤ ረቢአ ያጸዳችው ደግሞ ይበላበታል።

በዚህ መካከል ከተማው የቀልድ እንጀራው አድርጎታል። የባጃጅ ሾፌሮች ሲያልፍ «መምህር፣ ያወጣችሁትን አየር የት ነው የምታደርጉት?» ይሉታል። «ለናንተ ጎማ አስቀምጬዋለሁ» ይላቸዋል። ሚስቱ ከውሰር ደግሞ ገበያ ጨርቅ ትሸጣለች፤ «ባልሽ ምን ይሠራል?» ላላት ሁሉ «ምንም። ግን ደክሞት ነው የሚገባው» ትላለች።

ታዲያ በቅርቡ ዲኑ ሁሉንም ሰብስቦ፣ ንብረት የሚመረምር ቡድን ሐሙስ እንደሚመጣና ከየኮሌጁ ዕቃ እየለየ እንደሚወስድ ተናገረ። የትኛውን? እሱን ዲኑም አላወቀ። በኮሌጁ ግቢ የተወራው ግን ሥራ ፈት የሆነውን እየለቀሙ ነው የሚል ነበር። ይህን ሙሀመድኑርም ሰማ። ከከሚሴ ሁሉ ሥራ በመፍታት የጎላውን ያህል ስም ያወጣ ዕቃ የለም። ከሐሙስ በፊት ካልያዘ ይወሰዳል፤ ከተወሰደ ደግሞ ጡረታ እስኪወጣ «አላየሁም» ማለት ነው።

ማክሰኞ ተስፋ ቆርጦ ያላደረገውን አደረገ፤ የሚሽከረከረውን ሰሌዳ ከሥሩ ነቀለው። ገልብጦ ሲያየው ሥሩ ያብለጨልጫል። የፓምፕ ዘይት መሰለው። ጣቱን አስነክቶ አሸተተ። ዘይት አይደለም። አሁንም አሸተተ። ለጋ ቅቤ ነው።

ረቢአ መጥረጊያዋን ይዛ በሩ ላይ ደረሰች። ከኮሌጁ ሕንጻ በፊት እዚያ ግቢ የነበረች የምትመስል፣ ዲኑን ሳይቀር በስሙ የምትጠራ ሴትዮ ናት።

«አካም ቡልቴ፣ እንዴት አደርክ ሙሀመድኑር? ምነው ደነገጥክ?»

«እቴ ረቢአ፣ ይህን እዚህ ውስጥ ያደረገው ማነው?»

«ምኑን?»

«ቅቤውን።»

«እሱንማ እኔ ነኝ» አለች፣ ወለሉን ማን ጠረገው እንደተባለች ሁሉ።

«ለምን?»

«ባዶ ነበራ።»

ሙሀመድኑር ቁጭ የሚልበት ፈለገ። «ባዶ እንዲሆን አይደል ወይ ሁለት ዓመት የደከምኩት?»

«እኔ ምን አውቄ? ጠዋት ትከፍተዋለህ፣ ባዶ። ከሰዓት ትከፍተዋለህ፣ ባዶ። ፊትህ እንደ ከሰል ይጠቁራል። የጎረቤት ሳህን እንኳ ባዶውን አይመለስም፤ ይህን የሚያህል ጎላ አፉን ከፍቶ ባዶውን ሲያድር ደግሞ ለሰውየው አይበጀውም አልኩ። ባጸዳሁት ቁጥር ቢስሚላህ ብዬ ቁንጥር ቅቤ ከሥሩ አደርግለታለሁ። እንዳይታይብህ ከሥሩ።»

«ባጸዳሽው ቁጥር?»

«ኤዬ። አንድም ቀን አላስታጎልኩ፣ ወላሂ።»

ነገሩ ተገለጠለት። ለጋ ቅቤ ውስጡ ውኃ አለ። ፓምፑ አየሩን ባወጣ ቁጥር ቅቤው እርጥበቱን ይተፋል፤ ያን ሲያወጣ እንደገና ይተፋል። ቀዳዳ ኖሮ አያውቅም። ሌባው እንግዳ ሆኖ በፍቅር የገባ ነበር። ሙሀመድኑር ሊቆጣ አሰበ፤ ግን ሁለት ዓመት ሙሉ ከቤቷ ቅቤ እየቆነጠረች ላመጣችለት ሴትዮ ቁጣው ከየት ይምጣ። ብቻ ድምፁ ሳያስበው ከፍ አለና «ከዛሬ ጀምሮ እንዳትነኪው» አላት። እሷ መለስ ብላ መጥረጊያዋን አንስታ ወጣች። ደህና ዋል አላለችውም።

ሰሌዳውን በአልኮል አጠበው፣ ደግሞ አጠበው፣ አደረቀው፣ ክዳኑን አሰረ፣ ፓምፑን አስነሳ። መርፌው ወረደ። የለመደበት ቦታ ደረሰ፤ አልቆመም፤ አለፈው። ሙሀመድኑር ፓምፑን ዘግቶ አሱር ሰግዶ ተመለሰ፤ መርፌው ካለበት አልተነቃነቀም።

ማታ ቤት ገብቶ «ያዘ» አላት ከውሰርን።

«ምኑ?»

«ባዶው።»

ከውሰር የምታጥፈውን ጨርቅ ጭኗ ላይ አደረገች። «ማሻአላህ። ሁለት ዓመት ምንም ስትሠራ ከርመህ ዛሬ ተሳካልህ» አለችው፤ ግን የዚያን ቀን ራት የበላውን ያህል ከጋብቻቸው ወዲህ በልቶ እንደማያውቅ እሷው ናት የምትናገረው።

ሐሙስ ማለዳ ሙሀመድኑር የእንግዳ ወግ ነው ብሎ ቡድኑን አስፋልት ዳር ፉል ጋበዘ። መሪያቸው አቶ ፈቃደ ይባላሉ፤ ለስላሳ፣ ሰው አክባሪ፣ ሲናገሩ የሰውን ክንድ የሚነኩ ሰው ናቸው።

«መምህር፣ ስለ እርስዎ ዕቃ ብዙ ሰምተናል» አሉት። «ይሠራል ወይ ነው ጥያቄው።»

ሙሀመድኑር ደረቱን ነፋ። አፉን ሊከፍት ሲል አቶ ፈቃደ ዳቦአቸውን እየቆረሱ ቀጠሉ፦ «የሚሠራ ከሆነ ዛሬውኑ እንጭነዋለን። የሚሠሩትን ሁሉ ትልቁ ከተማ ላይ አንድ ማዕከል ውስጥ እየሰበሰብን ነው።»

«የማይሠራውስ?»

«የማይሠራ ምን እናደርግበታለን? እዚሁ ይቀመጣላ።»

ፉሉ ሙሀመድኑር አፍ ውስጥ አሸዋ ሆነ። «ማዕከሉ ሥራ ጀምሯል?»

«ሕንጻው አላለቀም፤ ጣሪያው ገና ነው» አሉ አቶ ፈቃደ ክንዱን እየነኩ። «እስከዚያ ዕቃዎቹ ኮንቴይነር ውስጥ በደንብ ይቀመጣሉ። አይስጉ።»

ሁለት ዓመት እንዲሠራለት የለመነው ዕቃ ሲሠራ ሊቀማ ነው። የማይሠራ ሳለ የእሱ ነበር። ሙሀመድኑር ሻዩን ሳይጨርስ፣ «ክፍሉን ላዘጋጅላችሁ» ብሎ ባጃጅ ያዘ። መንገድ ላይ ሁሉንም አሰበ። አይሠራም ብሎ አይናገር ነገር መዋሸት ሆነበት፤ አንዱን ብሎን አላልቶ ቢያበላሸውስ እጁ አይታዘዝለትም። ስለዚህ ጎላው ራሱ፣ በእውነት፣ በሰው ሁሉ ፊት እምቢ ማለት አለበት። ይህን የምታውቅበት ደግሞ አንዲት ሴት ብቻ ናት፤ እሷም አኩርፋለች።

ረቢአን ከኮሪደሩ ጫፍ ስትጠርግ አገኛት።

«እቴ ረቢአ።»

ጠረገች።

«እቴ፣ አንድ ነገር ላስቸግርሽ ነው።»

«እኔን? እኔ እኮ እንዳልነካ የተባልኩ ነኝ።»

«ትንሽ ቅቤ ፈልጌ ነው።»

መጥረጊያው ቆመ። «ለምን?»

«ለጎላው።»

«ማክሰኞ ቅቤ አደረግሽ ብለህ ቀማኛ አስመሰልከኝ፤ ሐሙስ ቅቤ አምጪ ትለኛለህ? ሙሀመድኑር፣ አንተን ፊዚክሱ ነው ፀሐዩ ነው ያገኘህ?»

ነገራት። ከሠራ እንደሚወስዱት፣ ካልሠራ እንደሚተውት፣ ጣሪያ ስለሌለው ቤት፣ ስለ ኮንቴይነሩ። ረቢአ አዳምጣ ስትጨርስ ፊቷ ላይ ያለው ኩርፊያ እየቀለጠ ሄደ፤ በምትኩ የመጣው ነገር ግን ለሙሀመድኑር ከኩርፊያው የባሰ ነበር።

«እንግዲያው ቅቤዬ ይጠቅማል ማለት ነው» አለች።

«ለዛሬ።»

«ይጠቅማል በል።»

«ይጠቅማል።»

«ይቅርታስ?»

«ይቅርታ፣ እቴ። ድምፄ ከፍ ብሎ ነበር። አሁን ቅቤው የት ነው? መኪናቸው እየመጣ ነው።»

«ቤት ነው ያለው። ሄጄ እስክመለስ ይደርሳል እንዴ?» አለችና ትንሽ አሰበች። ከዚያ ወደ ግድግዳው ዞር ብላ ጣቷን ከሻሿ ሥር ሰደደች። ጠዋት ፀጉሯን የተቀባችው ቅቤ ነው፤ ገና አልቀለጠም። ያወጣችውን በጣቷ ጫፍ ይዛ ወደ ቤተ ሙከራው ቀደመችው። ሰሌዳው ሥር፣ የለመደችበት ቦታ፣ ቢስሚላህ ብላ ለደፈችው።

ክዳኑ ታሰረ። ቡድኑ ገባ፤ ዲኑም ገባ። ረቢአ በሩ ላይ መጥረጊያዋን ተደግፋ ከንፈሯን ታንቀሳቅሳለች። ፓምፑ ተነሣ። መርፌው ወረደ፣ ወረደና እዚያችው የድሮዋ ቦታ ላይ ቀጥ አለ። ሙሀመድኑር በሕይወቱ ስንፍናን እንዲህ ወድዶ አያውቅም።

አቶ ፈቃደ ጠጋ ብለው ጌጁን በጥፍራቸው መታ መታ አደረጉት። «ከዚህ መውረድ ነበረበት አይደል?»

«ነበረበት።»

«ቀዳዳ ይሆን?»

«ፈልጌ አላገኘሁም» አለ ሙሀመድኑር፤ ይህም እውነት ነበር።

ጠበቁ። መርፌው ጠበቀ። አቶ ፈቃደ ቀስ ብለው «አይሠራም» አሉ ለጓደኛቸው፤ ከዚያ የሙሀመድኑርን ክንድ ያዙ። «አይዘኑ መምህር። ደክመውበታል፤ ያስታውቃል።» ሙሀመድኑር ራሱን ደፋ። ዓይኑም እንባ አቀረረ። አቶ ፈቃደ እንባው የምን እንደሆነ ቢያውቁ መኪናው ባዶውን አይመለስም ነበር።

ከዚያ የመጣውን ደግሞ ማንም አላሰበም። ወሬው ግቢውን አልፎ ከተማ ገባ፣ ሰውም ሊያጽናናው ይመጣ ጀመር። ባጃጅ ሾፌሮቹ እንኳ መቀለድ ትተው «ኸይር ነው መምህር» ይሉታል። ቤቱ ለቅሶ ቤት መሰለ። ሙሀመድኑር ደግሞ ፊቱ አልታዘዝ ብሎት ፈገግ ሊል ሲል ከውሰር ከጓዳ ብቅ ብላ «ፊትህን አጥቁር፣ ሰው ይመጣል» ትለዋለች።

የሐዘኑ ሰሞን ሲያልፍ ሰሌዳው እንደገና ታጠበ። ረቢአ ራሷ ናት ያጠበችው፤ ቅቤዋ የት የት እንደሚደበቅ ከሷ በቀር ማን ያውቃል። መርፌው ወረደና ተቀመጠ። ምንጯ ከሳጥኗ ወጣች። ነፃነት የምትባል ተማሪ፣ ዘንድሮ «መምህር፣ እርስዎ አይተውታል?» ያለችው እሷ ናት፣ መቁጠሪያው አጠገብ ቆመች። ብዙዎቹ ቅንጣቶች ወርቁን ምንም እንዳልነበረ ሰንጥቀው አለፉ። ክንዱን ወደ ኋላ አዞረውና ጠበቁ። ዝም። ዝም። ዝም። ከዚያ መቁጠሪያው ጠቅ አለ፤ አንዷ ነጥራ ተመለሰች።

ነፃነት ዞር ብላ አየችው። ሙሀመድኑር የማሽላዋን ፍሬ መጨረሻ እንዳየ ልጅ መቁጠሪያው ላይ አጎነበሰ።

ዛሬ በመዝገብ የሠፈረው «አይሠራም» የሚል ነው። ስለዚህ ከሚሴ ውስጥ ያለው ከሁሉ የሚልቅ ባዶ በመንግሥት ዘንድ የለም። ከጎላው እግር አጠገብ፣ ከውጭ በኩል፣ አንዲት ትንሽ ሳህን ውስጥ ቁንጥር ቅቤ አለች። የረቢአ ቅድመ ሁኔታ ነው፤ ውስጡ ባዶ ይሁን፣ ቤቱ ግን ባዶ አይሁን ብላ። ሙሀመድኑርም ተስማማ፤ ሌላ ቡድን ቢመጣ ከሻሽ ሥር ከመፈለግ ይሻላል።

ነገሩ በፍጹም እንዳይወጣ ሙሀመድኑር ከውሰርን አስምሏታል። ከውሰርም ለእኔ ብቻ ነው የነገረችኝ፣ እኔም ለማንም እንዳልነግር ነው። ልብስ ሰፊው ዘመድኩን ግን ሌላ ነው፣ ምስጢር ጠባቂ ነው፤ የሰማውን የሚያወራው ለደንበኞቹ ብቻ ነው። ሱቁን ሳይዘጋ ልድረስበት።